«ፋራ» ያላችሁት የኬሚስትሪ ተማሪ

በካምፓስ ቋንቋ «ፋራ»ን የሚያህል ስድብ ያለ አይመስለንም። ሰነፍ የተባለ ተማሪ በፈተና ያስተባብላል፤ ቋጣሪ የተባለ አንድ ቀን ሻይ ጋብዞ ስሙን ያድሳል። ፋራ የተባለ ግን መልስ የለውም። አፉን በከፈተ ቁጥር ዘዬው፣ ጫማው፣ አሳሳቁ ሁሉ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብበታል። ይህን ስድብ አዘውትረው ከሚሸከሙት አንዱ ደግሞ ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ መጥቶ ኬሚስትሪ የሚማረው ልጅ ነው።

ልጁን ታውቁታላችሁ። ስም አንጠራም፤ አንድ ሰው አይደለምና። ከአልጋው ራስጌ ፔሪዮዲክ ቴብል ለጥፏል፤ ከጎኑ የቅዱስ ጊዮርጊስ ሥዕል አለ። ረቡዕና ዓርብ ከጾመኞቹ ጋር ይሰለፋል። ቅዳሜ ማታ ስለ አርሴናል ሲጨቃጨቅ ያመሽና እሑድ ጠዋት ነጠላውን አጣፍቶ ይወጣል። በገና መማር ይፈልጋል፤ ጭፈራ ቤት አይሄድም። ትዳር በሽማግሌ ካልሆነ አያምርም ይላል። ታላቁን «አንተ» ማለት አይሆንለትም። ማንን ታደንቃለህ ሲሉት ሦስት ስም ይጠራል፦ ከበደ ሚካኤል፣ አክሊሉ ለማ፣ ዐፄ ምኒልክ።

ከዚያ ሳቁ ይከተላል። ከሳቁም በኋላ አዋቂ የመሰለች ጥያቄ ትመጣለች፦ «ታዲያ ኬሚስትሪ ምን ያደርግልሃል? ወይ ሳይንሱን ያዝ፣ ወይ ታቦቱን!»

እኛ ዛሬ የምንጣላው ከዚህች ጥያቄ ጋር ነው። ጥያቄዋ የተራቀቀች ትመስላለች እንጂ ሳይንስንም አታውቅም፣ ወግንም አታውቅም። ግን ልጁን አቅፈን አይዞህ ለማለት ብቻ አልተነሣንም። ከእሱም ጋር የምንከራከርበት ጉዳይ አለን፤ በመጨረሻ እንመጣበታለን።

መጀመሪያ ከሳይንሱ እንነሣ። ኬሚስትሪን ከአልኬሚ አስማት ካላቀቁት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ሮበርት ቦይል ነው። እ.ኤ.አ. በ1661 ያሳተመው መጽሐፉ ርዕሱ ራሱ «ተጠራጣሪው ኬሚስት» የሚል ነበር። ይህ ተጠራጣሪ ሰው ለመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ከኪሱ ገንዘብ የሚያወጣ፣ ሲሞትም ክርስትናን የሚሟገት ዓመታዊ ትምህርት እንዲሰጥ የተናዘዘ ጥብቅ አማኝ ነበር። ማይክል ፋራዴይስ? ቤንዚንን እ.ኤ.አ. በ1825 ለይቶ ያወጣው፣ የኤሌክትሮሊሲስን ሕጎች ያገኘው ፋራዴይ የአንዲት ትንሽና ጥብቅ ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበር። እነዚህን ሰዎች ፈረንጆቹ ፋራ አላሏቸውም። በስማቸው ሕግና የመለኪያ አሐድ ሰየሙላቸው፤ እኛም በፈተና ወረቀት ላይ እየጻፍናቸው እንኖራለን።

«እሱ የድሮ ነው» ትሉ ይሆናል። እሺ፣ ወደ ቅርቡ እንምጣ። ማርጋሬት ታቸር ወደ ፖለቲካ ሳትገባ በፊት የኦክስፎርድ የኬሚስትሪ ተማሪ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1947 ስትመረቅ ያማከረቻት ዶሮቲ ሆጅኪን ናት፤ በኋላ በ1964 የኖቤል ሽልማት ያገኘችው። ተማሪዋ ወግ አጥባቂ፣ መምህሯ ግራ ዘመም። በፖለቲካ አንድም ቀን አልተስማሙም። ሆኖም ታቸር ጠቅላይ ሚኒስትር ሆና የሆጅኪንን ሥዕል በጽሕፈት ቤቷ ሰቅላው ነበር። የታቸርን ፖለቲካ ውደዱ አትበሉን፤ እኛም ውስጣችን ስለ እሷ አንድ ሐሳብ የለንም። ነጥባችን ሌላ ነው፦ የምታደንቀው ሰው እንደ አንተ ማሰብ የለበትም፤ መምህርህም እምነትህን አስፈትቶ ማስመረቅ የለበትም። ሆጅኪን ለተማሪዋ ክሪስታል ማጥናት አስተማረቻት፤ ሌላውን ለራሷ ተወችላት። የእኛ አንዳንድ መምህራን ከዚህ ቢማሩ ምን ይጎዳቸዋል? ክፍል ገብተው ስለ ኬሚካል ትስስር ማስረዳት ሲገባቸው ግማሹን ሰዓት በጾመኛ ተማሪ ላይ ሲቀልዱ የሚውሉ አሉና።

እንዲያውም ነገሩን ካነሣነው አይቀር፣ ኬሚስትሪን በሚዛን ላይ ያቆመው ላቮአዝዬ ያስተማረን የመጠበቅ ሕግ ነው። ቁስ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይጠፋም፤ በምላሹ መጀመሪያ የነበረው ክብደት በመጨረሻም አለ። «መጠበቅ» የሚለው ቃል ላቦራቶሪ ውስጥ ሲሰማ ሕግ ይባላል። ከመንዝ ልጅ አፍ ሲወጣ ግን ኋላ ቀርነት ይሆናል። ይህ ዕውቀት ሳይሆን የሰፈር ንቀት ነው።

ንቀቱ ደግሞ ታሪክ አለው። በ1960ዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው «መሬት ለአራሹ» ብሎ የተነሣው በእውነተኛ በደል ላይ ነበር፤ ይህን የሚክድ የለም። ግን ያው ትውልድ አገሩን «ተራማጅ» እና «አድኃሪ» ብሎ ለሁለት ከፈለ። ቃሉ መጀመሪያ ክርክር ነበር፣ ቀጥሎ ስድብ ሆነ፣ በደርግ ዘመን ሰው የሚታሰርበትና የሚገደልበት ክስ ሆኖ አረፈው። «ፋራ» እስካሁን ማንንም አላሳሰረም፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን አሠራሩ አንድ ነው። የሰውየውን ሐሳብ ሳትመረምር ሰውየውን መደብ ውስጥ ከትተህ ትዘጋበታለህ።

በዚያ ጊዜ በአድኃሪነት ከተደመሰሱት ነገሮች አንዱን እንንገራችሁ፤ ከመንዝ ነው። ከመሐል ሜዳ ከተማ ብዙም ሳይርቅ ጓሳ የሚባል ደጋ አለ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር ይጀምርና ከ3,700 ሜትር በላይ ይዘልቃል፤ ስፋቱ ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ስሙን የሰጠው የጓሳ ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ እረኛው በዝናብ የሚለብሰው ገሣ ይሠራበታል። ቀይ ቀበሮ ይኖርበታል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች 500 አይሞሉም፣ ሁሉም ያሉት በእኛው አገር ነው። ጭላዳም አለ።

ይህ ሁሉ እስከ ዛሬ የቆየው ቄሮ በሚባል ሥርዓት ነው። ቃሉን ሰምታችሁ ወደ ሌላ እንዳትሄዱ፤ ይህ የመንዝ ቄሮ ነው፣ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ የሚነገርለት። የአስቦና የጌራ ዘሮች ጓሳውን ተካፍለው ያዙት፣ አለቃ መረጡለት፣ ለሦስት ዓመት አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ዘጉት። ጊዜው ሲደርስ በአንድ ላይ ይከፈታል፣ ይታጨዳል፣ መልሶ ይዘጋል። ከዘመኑ በፊት ማጭድ ያነሣ ይቀጣል። ቤተ ክርስቲያኗም ከጎኑ ስለቆመች ሥርዓቱን መጣስ ወንጀልም ነውርም ነበር።

አሁን ይህን ወግ ምን ትሉታላችሁ? ደጋ ላይ ሣር እንደገና ለመብቀል ስንት ጊዜ እንደሚፈልግ ያወቀ ሰው ነበር ማለት ነው። በትውልድ ስሌት አይቶ፣ ለክቶ፣ ሕግ አውጥቶ፣ ራሱን ከልክሎ የኖረ ሕዝብ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስቱ ቀረ፣ ከርስቱ ጋር ቄሮም ፈረሰ። አዋጁ ለብዙ ጭሰኛ ነፃነት ነበር። ለጓሳ ግን ጠባቂ ማጣት ሆነ፤ የሁሉ የተባለው የማንም ሆኖ ሣሩ ተጎዳ። ኋላ ላይ የአካባቢው ሰው ራሱ ተሰብስቦ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን መለሰው። ዛሬ የጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ተብሎ የውጭ አገር ተመራማሪ የሚመላለስበት ይኸው ነው።

ኋላ ቀር የተባለው ያሸነፈበት ታሪክ ነው ይህ። ልብ በሉ ግን፦ የተመለሰው አሮጌው ቄሮ እንዳለ አይደለም። በዘር ላይ የቆመውን ትተው ጥበቃውን ያዙ። ማጥበቅ ማለት ይኼ ነው፤ ከያዝከው መካከል የሚጠበቀውንና የሚለቀቀውን መለየት። ይህን ለማድረግ ደግሞ ሥራ ያስፈልጋል፤ ፎክሮ መቀመጥ አይበቃም።

መንዝን ለዓለም አንባቢ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን ነው። በኋላ እኛው «ጋሽ ሊበን» ያልነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» መጽሐፉ የመንዝን ገበሬ ኑሮና አስተሳሰብ ዘርዝሮ ጻፈ። ካነሣቸው ነጥቦች አንዱ ለኬሚስትሪ ተማሪያችን በቀጥታ ይመለከተዋል። አማርኛ በሁለት ትርጉም መናገር የሚወድ ቋንቋ ነው፤ ለቅኔና ለፖለቲካ የሚመች፣ አንድ ቃል አንድ ነገር ብቻ እንዲል ለሚፈልገው ዘመናዊ ሙያ ግን የሚያስቸግር።

እውነት ነው፤ ላቦራቶሪ ውስጥ ሰምና ወርቅ አይሠራም። «ሞላር» ካልክ ሞላር ነው። አሲዱን ወደ ውኃ ትጨምራለህ፤ ውኃውን ወደ አሲድ ከጨመርክ ፊትህ ላይ ይፈነዳል፣ ቅኔ ነው ብለህ አታመልጥም። ታዲያ በቤቱ ሁለት ትርጉም እየሰማ አድጎ በክፍል አንድ ትርጉም የሚማር ልጅ ሁለት ጭንቅላት እያሠለጠነ ነው። እኛ የከተማዎቹ ስንቶቻችን ይህን እናደርጋለን? ቅኔውንም አልያዝን፣ ሞላሩንም በወጉ አላወቅን። በቴሌግራም ቻናል ላይ ያነበብነውን «ሳይንስ ያረጋገጠው» እያልን እናዛምታለን።

እስካሁን ለልጁ ተሟገትን። አሁን ወደ እሱ እንዙር፤ ወንድማችን፣ ተቀመጥና እንነጋገር።

ከበደ ሚካኤልን ታደንቃለህ። ጥሩ። በ1909 ዓ.ም የተወለደው እዚያው መንዝ፣ ግርም ገብርኤል ነው፤ በአገር ልጅነት ብቻ ብትወደውም አንፈርድብህም። ግን ምን እንደጻፈ አስተውል። በ1941 ዓ.ም «ኢትዮጵያና ምዕራባዊ ሥልጣኔ»፣ በ1946 ዓ.ም «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»። ሰውየው አማኝ ነበር፣ ለዘውድ የቀረበ ነበር፣ በማንኛውም ሚዛን ወግ አጥባቂ ነበር። ሆኖም የአገሩን ሰው ጃፓንን እይ እያለ ሲያስጨንቅ ኖረ፤ ራሷን ሳትለቅ ዕውቀቱን ከምዕራብ የወሰደችውን ጃፓን። «ታላላቅ ሰዎች» ብሎ በጻፈውም መጽሐፍ ከባሕር ማዶ ያሉትን ታላላቆች በአማርኛ አስነበበ። ሼክስፒርን የተረጎመውም እሱ ነው። እሱን የሚያደንቅ ሰው «በአባቶቻችን መጽሐፍ ሁሉም አለ፣ ፈረንጅ የሰረቀን ነው» ብሎ እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ አይችልም። ሁሉም ካለ ከበደ ሚካኤል ምን አስደከመው?

አክሊሉ ለማን ታደንቃለህ። ይህም መልካም። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ የሆነውን ታውቀዋለህ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት አየ። ቀንድ አውጣው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ነው። ከዚያ ሁለት ነገር መደረግ ነበረበት። አንደኛ፣ የአጣቢዎቹን ዕውቀት መናቅ አልነበረበትም፤ አልናቀም። ሁለተኛ፣ በዚያ ረክቶ መቅረት አልነበረበትም። የትኛው ዓይነት እንዶድ፣ ምን ያህል መጠን፣ የትኛው ንጥረ ነገር ነው ገዳዩ፣ ለዓሣውስ ለሰውስ ምን ያደርጋል ብሎ ዓመታት ፈጀበት። ገዳዩ ሳፖኒን የሚባለው ነው፤ እንዶዱን አረፋ የሚያስደፍቀውም እሱ። ከምዕራቡ ጋር ብዙ ተጓትቶ እ.ኤ.አ. በ1989 ከለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል የሚባለውን ሽልማት ተቀበለ። እናትህ ጋቢ የምታጥብበት ነገር ውስጥ ሳይንስ አለ ማለት እናትህ ኬሚስት ናት ማለት አይደለም። ኬሚስቱ አንተ እንድትሆን ነው የላከችህ።

ዐፄ ምኒልክን ታደንቃለህ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። ስለ ዓድዋ ስትናገር ዓይንህ ይበራል፤ የእኛም ይበራል። ግን ለኬሚስትሪ ተማሪ ከዓድዋ ቀጥሎ ሊታወቅ የሚገባው የምኒልክ ሥራ በ1900 ዓ.ም ያስነገሩት አዋጅ ነው። ሠራተኛን በሙያው፣ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ፋቂ እያሉ መስደብን የከለከሉበት። ንጉሡ የገባቸው ነገር ቀላል ነበር፤ እጀ ብልሁን የሚሳደብ አገር እጀ ብልህ አይኖረውም።

አሁን አስብ። ብረትን ከድንጋይ ለይቶ ያወጣ የነበረው ማነው? ከሰል አንድዶ፣ በወናፍ አናፍቶ፣ ኦክሲጅኑን ከብረቱ የነጠቀው? አንተ በክፍል «ሪዳክሽን» ብለህ የምትማረውን ቀጥቃጩ በእጁ ያውቀው ነበር። ቆዳን ከመበስበስ ያዳነ ፋቂው ነው። ብራናው ላይ ያለው ጥቁር ቀለም መሠረቱ ጥላሸትና የከሰለ እህል ነው፣ ካርቦን፤ ካርቦን ከሌላ ነገር ጋር በቀላሉ ስለማይዋሐድ ጽሕፈቱ መቶ ዓመታት ቢያልፉበትም አልደበዘዘም። አውሮፓውያን ብዙ ዘመን የጻፉበት የብረት ቀለም ግን ወረቀታቸውን በልቶባቸዋል። የደጋው ኬሚስቶች እነዚህ ነበሩ። ታዲያ ወጋችን ምን አደረጋቸው? ቀጥቃጩን ቡዳ አለው፣ ከፋቂው ጋር አልጋባም አለ፣ ሸክላ ሠሪዋን ከሰፈር ዳር አስቀመጣት። ይህም ወግ ነው። ይህም ከአባቶች የመጣ ነው። ከአዋጁም በኋላ በየገጠሩ አልጠፋም።

ወንድማችን፣ ይህንንም ትጠብቀዋለህ? «ትዳር በሽማግሌ» ስትል ሽማግሌዎቹ የልጅቱን ሰባት ቤት ቆጥረው «ዘሯ ከቀጥቃጭ ነው» ቢሉህ ምን ልትል ነው? ከእነሱ ጋር ዝም ካልክ ምኒልክን አታደንቅም፤ ፎቶውን ነው የምትወደው። የምታደንቀው ሰው ዕዳ ያስገባሃል። ከበደ ሚካኤል ንባብ፣ አክሊሉ መመራመር፣ ምኒልክ ይህን ስድብ ከቤትህ ማስወጣት አስከፍለውሃል። ጓሳን የመለሱት ያገርህ ሰዎች የዘሩን ነገር ትተው ጥበቃውን እንደያዙ፣ አንተም ነጠላውን ይዘህ ይህን ጣል።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ለአንድ ልጅ ለምን እንላለን? ነገሩ ቀልድ ስላልሆነ ነው። በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም ደግሞ 3.2 ከመቶ። በዚያው በ2014 ዓ.ም መጀመሪያ ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና ደርሶ ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በተከተለው የአማራ ክልል ግጭትም ብዙ ትምህርት ቤት ተዘግቷል። ከእነዚያ ደጋዎች ወጥቶ ይህን ሁሉ አልፎ ኬሚስትሪ ክፍል የተቀመጠ ልጅ እንደ እንቁላል ሊያዝ የሚገባው ነው። እናንተ የምትጠይቁት ግን ለምን ዓርብ አትበላም ብላችሁ ነው!

ሁለት ነገር ሲሆን አይተናል። አንዱ ልጅ ሳቁን ይፈራና ሁሉን ይጥላል፤ ዘዬውን፣ ጾሙን፣ በገናውን። በሦስተኛው ዓመት ከእናንተ ይበልጥ አራዳ ሆኖ የገዛ አባቱን ስልክ ሰው ፊት ለማንሣት ያፍራል። ሌላው ሳቁን ይጠላና በተቃራኒው ይጠናል፤ የተሳቀበትን ሁሉ ቅዱስ ያደርገዋል፣ ክፉውንም ደጉንም፣ በመጨረሻም ከላቦራቶሪው ይልቅ የፌስቡክ ፉከራው ይበልጥበታል። ሁለቱንም ያበላሸነው እኛ ነን፣ በአንዲት ቃል። ይህች አገር ማዳበሪያዋን፣ መድኃኒቷን፣ የላቦራቶሪ ኬሚካሏን በዶላር እየገዛች ኬሚስቶቿን በሳቅ የምትጨርስ ከሆነ ፋራው ማን እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ስለዚህ ከተሜዎች ሆይ፣ ቀጥሎ ስታገኙት ስለ ጾሙ አትጠይቁት። ምን እየሠራህ ነው በሉት፤ ስለ ጓሳ፣ ስለ እንዶድ፣ ስለ ብራናው ቀለም ጠይቁት። ካላወቀ ሂድና አንብብ በሉት፤ ይህ መብታችሁ ነው። አንተም ወንድማችን፣ ፋራ ሲሉህ አትሸማቀቅ፣ አትቆጣም። ፔሪዮዲክ ቴብሉ ከሥዕሉ ጎን ይቆይ። ግን ሁለቱንም እወቃቸው፤ ግድግዳ ማስጌጫ አታድርጋቸው።